የምረቃ ዓመት ዕጣ

የቀድሞ የኮሌጅ ጓደኞች በሠርግም ሆነ በለቅሶ ቤት በተገናኙ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «እገሌስ የት ደረሰ?» የሚል ሲሆን፣ መልሱም ብዙውን ጊዜ በሦስት ነገሮች ይለካል፤ በሥራው፣ በትዳሩና በሚኖርበት አገር። ጥያቄው የናፍቆት ይምሰል እንጂ ውስጡ ሚዛን አለበት። ጠያቂው የጓደኛውን ዜና በሰማ ቅጽበት የራሱን ኑሮ ከዚያ ጋር ያስተያያል፣ ደህና ቦታ ደረሰ የተባለውን «ድሮም ጎበዝ ነበር» ብሎ ያልፋል፣ ወደ ኋላ የቀረውን ደግሞ «ምን ነካው?» ይላል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ሚዛኑ የተሳሳተ ነው የሚል ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን ሕይወት ላይ ከግለሰቡ ጉብዝናና ስንፍና ይልቅ የተመረቀበት ዓመት የበለጠ ይወስናል፤ ስለዚህም የአንድ ዓመት ምሩቃን ታሪክ ተሰብስቦ ሲነበብ፣ ስለ ጓደኛሞቹ ጥረት ከሚናገረው በላይ አገሪቱ በዚያ ዓመት ስለከፈተቻቸውና ስለዘጋቻቸው በሮች ይናገራል።

በተማሪዎች አነጋገር «ባች» የሚባለው በአንድ ዓመት ገብቶ በአንድ ዓመት የሚመረቅ የተማሪ ቡድን ነው። አባላቱ ተመራርጠው የተሰባሰቡ አይደሉም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፣ ውጤቱና የዩኒቨርሲቲዎቹ የመቀበል አቅም ተገናዝቦ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል፣ ግቢ ሲደርስም የዶርም ድልድሉ አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ክፍልና በስም ቅደም ተከተል ተሠርቶ ይጠብቀዋል፤ በዚህ አኳኋን የደብረ ማርቆስ ልጅ ከነቀምቴና ከወላይታ ሶዶ ልጆች ጋር ተደራራቢ አልጋ ይጋራል። ብዙ ወጣቶች ከሌላ አካባቢ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አድረው የሚያውቁት ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው። እንግዲህ ባች ከዘመድ፣ ከሰፈርና ከጽዋ ማኅበር የሚለየው አባላቱን የሚያስተሳስራቸው ነገር በዋናነት ዓመተ ምሕረቱ በመሆኑ ሲሆን፣ ዓመቱ በሰው ሕይወት ላይ ያለውን ጉልበት ለሚመረምር ሰው ምቹ መነሻ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከቀደምቶቹ መጀመር ይበጃል፤ ዓመታቱም ሌላ ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። በ1942 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በለገሱት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስመረቋቸው የመጀመሪያዎቹ ባቾች ቁጥራቸው ጥቂት፣ መንግሥት የሚሻው የተማረ ሰው ግን ብዙ ስለነበር፣ ዲግሪ የያዘ ወጣት ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ራሱ የሚፈልገው ሰው ነበር። ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የተላኩትም አብዛኞቹ ተመልሰዋል። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ሲነሡ «ያኔ ሰው አገሩን ይወድ ነበር» ማለት የተለመደ ነው። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው፤ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ወንበር፣ የሚያኖር ደመወዝና በማኅበረሰቡ ዘንድ ትልቅ ክብር እንደነበረ አብሮ ካልተነገረ፣ ከእነርሱ በኋላ የተመረቁና ያልተመለሱ ሰዎች ሁሉ አገር የማይወዱ ይመስላሉ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ የገቡት ባቾች የገጠማቸው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ሲጀምር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር የተንቀሳቀሱ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርቱን አቋርጦ ስለነበር ብዙዎቹ ከነባቻቸው መመረቅ የሚባለውን ነገር ሳያውቁት ቀሩ። ከዘመቻው መልስ፣ ዶርም ተጋርተው የነበሩ ልጆች አንዱ የኢሕአፓ ሌላው የመኢሶን፣ ማለትም የሁለት ተቀናቃኝ የግራ ድርጅቶች፣ አባል ሆነው ተፋጠጡ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲፋፋም አንዱ መንገድ ላይ ተረሽኖ ተገኘ፣ አንዱ ኢሕአፓ ወደመሸገበት ወደ አሲምባ ተራራ ገባ፣ አንዱ በሱዳን በኩል ተሰደደ፣ አንዱ ካድሬ ሆነ፣ አንዱ ደግሞ ዓመታት በእስር አሳልፎ ሲወጣ የሚያውቀው ሰው አጣ። በዚህ ትውልድ ዘንድ «እገሌስ?» ብሎ መጠየቅ ለረጅም ጊዜ አደገኛ ነበር፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው መሆን ብቻ ያስጠረጥር ነበርና። ዝምታው ልማድ ሆኖ ስለቀረ፣ አደጋው ካለፈ በኋላም ቢሆን በሕይወት የተረፉት የክፍል ጓደኞቻቸውን ስም ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ከዚህ ባች ማን እንደተረፈና ማን እንደጠፋ በጉብዝና ለማስረዳት የሚሞክር ጤነኛ ሰው የለም፤ ሁሉም «ዘመኑ ነው» ይላል። ታዲያ ለዚህ ባች ያለ ክርክር የሚሰጠው ፍርድ ለሌሎቹ ባቾች ለምን ይነፈጋል?

ከአብዮቱ በኋላ የተመረቁት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በአመዛኙ መንግሥት መድቦ የሚያሠራቸው ስለነበሩ፣ ኑሯቸው ጠባብ ቢሆንም ሥራ አጥ ምሩቅ የሚባል ነገር እምብዛም አያውቁም ነበር። የመንግሥት ለውጡን ተከትሎ ምደባው ሲቀር ምሩቁ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር መቆምና የጋዜጣ ማስታወቂያ ማሳደድ ጀመረ። ሆኖም የበሮች መዘጋትና መከፈት በአንድ ጊዜ ነበር። በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ ተመሥርቶ ሌሎች የግል ባንኮች ሲከተሉት፣ በዚያን ሰሞን ከአካውንቲንግና ከኢኮኖሚክስ የወጡ ወጣቶች ገና ሠራተኛ በማሰባሰብ ላይ የነበሩ ድርጅቶች ውስጥ ገብተው ከድርጅቶቹ ጋር አብረው አደጉ። በተመሳሳይ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት የዘረጋው የዳይቨርሲቲ ቪዛ፣ ማለትም ሕዝቡ «ዲቪ» የሚለው የዕጣ ፕሮግራም፣ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ የ1980ዎቹ መጨረሻ ባቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስኮላርሺፕ፣ ያለ ስደት ካምፕና ያለ ዘመድ ጥሪ አሜሪካ የሚያስገባ መንገድ አገኙ። ዕጣው የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅን ወይም የተወሰነ የሥራ ልምድን እንጂ ዲግሪን ስላልነበረ፣ ከአንድ ዶርም ልጆች መካከል ማን ቨርጂኒያ እንደሚኖርና ማን ቂርቆስ እንደሚቀር የለየው ኮምፒውተር ነው። በክፍል አንደኛ የወጣው ቀርቶ መጨረሻ የወጣው የሄደባቸውን ባቾች ታሪክ የማያውቅ ምሩቅ ከተገኘ ብርቅ ነው።

የ2000ዎቹ ባቾች ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ስለ ዓመቱ ጉልበት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚመሰክረው እርሱ ነው። በ1983 ዓ.ም. በዛሬዋ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የነበሩት አዲስ አበባና አለማያ ሲሆኑ፣ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ደርሰዋል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የትምህርቱን ወጪ በከፊል ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ የሚከፍልበት «ወጪ መጋራት» የተባለ ሥርዓት ስለተዘረጋ፣ ምሩቁ ዕዳውን እስኪያወራርድ ድረስ ዋናውን ዲግሪ ሳይሆን በተለምዶ «ቴምፖ» የሚባለውን ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይወጣል። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ ደግሞ ከተማሪዎች 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው የማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠና የሚያዝዘው ፖሊሲ ተግባራዊ ሆነ። የዚህ ፖሊሲ የመጀመሪያ መሐንዲሶች ሲመረቁ የኮንዶሚኒየም፣ የመንገድ፣ የባቡርና የስኳር ፕሮጀክቶች፣ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የዓባይ ግድብም ጭምር፣ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ በሲቪል ምሕንድስና የተመረቀ ወጣት ገና ጋዋኑን ሳይመልስ ሳይት ላይ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ትምህርት በዚያው ግቢ፣ ምናልባትም በእነዚያው መምህራን ተምረው የወጡት ግን የጠበቃቸው የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የቆመ ግንባታና ከእነርሱ በፊት የገባ ብዙ መሐንዲስ ነው።

ኋላ የመጡትን የሚያንቀው ነገር ምን እንደሆነ ለማየት የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ይበቃል። ማስታወቂያው «0 ዓመት የሥራ ልምድ» ካለ አዲስ ምሩቅ ሊወዳደርበት ይችላል፤ «2 ዓመት» ካለ አይችልም። በመጥፎ ዓመት የተመረቀ ሰው ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከቆየ፣ ለ2 ዓመቱ ቦታ ልምድ የለውም፤ ለ0 ዓመቱ ቦታ ደግሞ ከእርሱ በኋላ የተመረቁ ሁለት ባቾች ትኩስ ማስረጃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። በዚህ መሐል አንዱ ኮብልስቶን ሥራ ላይ ተደራጅቶ ድንጋይ ሲጠርብ፣ ሌላው ባጃጅ ሲነዳ፣ ሌላዋ ቴምፖዋን ለእናቷ አስቀምጣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ስትሄድ፣ ልምድ የሚባለው ነገር ይከማቻል፤ ሆኖም ማስታወቂያው የሚፈልገው ዓይነት አይደለም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። አሜሪካዊቷ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ሊሳ ካን በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1979 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ከኮሌጅ የወጡ ነጭ አሜሪካውያን ወንዶችን ተከታትለው፣ ሥራ አጥነት በበረታበት ዓመት የተመረቁት ኢኮኖሚው አገግሞም፣ ከተመረቁ ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ ደመወዛቸው በደህናው ዓመት ከተመረቁት ያነሰ ሆኖ መቀጠሉን አሳይተዋል። ሥራ አጥ የሚደጎምባትና የሥራ ገበያው ሰፊ የሆነባት አሜሪካ እንዲህ ከሆነች፣ የመጀመሪያ ሥራ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ የማያገኝበት አገር ላይ የዓመቱ ጠባሳ ምን ያህል ጥልቅ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በአንድ ባች ውስጥም ቢሆን ሰው ይበላለጣል፣ ስለዚህ ጥረት ዋጋ አለው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ ባች ውስጥ ያለው ልዩነት ቀረብ ብሎ ሲታይ፣ ከጥረት በፊት የሚገኘው አንድ ተራ ነገር ነው፤ ከምረቃ በኋላ ባሉት ወራት ማደሪያ የነበረው ማን ነው? አዲስ አበባ የወላጅ ቤት ያለው ምሩቅ ስምንት ወር ሥራ ሲፈልግ ቢቆይ እናቱ ምሳ አትከለክለውም፤ ከጎጃም ወይም ከባሌ ገጠር የመጣው ጓደኛው ግን የቤት ኪራይ ስለሚያሯሩጠው መጀመሪያ የተገኘውን ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ከትምህርት ክፍሉ ጋር ግንኙነት የሌለውን ሥራ ይዞ፣ ይቀራል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱ ሲነጻጸሩ የሚወሳው የመጀመሪያው «ዓላማ የነበረው» መሆኑ ነው።

ሚዛኑን ይበልጥ የሚያዛባው ደግሞ ዜናው የሚመጣው ከሁሉም ሰው አለመሆኑ ነው። ተመራማሪዎች «የመረጣ አድልዎ» የሚሉት ስሕተት፣ ማለትም ለመታየት ፈቃደኛ የሆኑትን ብቻ አይቶ ስለ ሁሉም መፍረድ፣ በቀድሞ ተማሪዎች ወሬ ውስጥ ሞልቷል። ዶክትሬቱን የያዘ፣ ቤት የገዛ፣ ልጁን ክርስትና ያስነሣ ሰው ፎቶ ይልካል። በአንድ ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለ15 ዓመታት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ምን ፎቶ ይላክ? የታመመው፣ የታሰረው፣ ትዳሩ የፈረሰበትና በመጠጥ የተያዘው መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ቀጥሎ ከባቹ የቴሌግራም ቡድን «ሌፍት» ይላሉ፣ በመጨረሻም ጓደኞቻቸው «ጠፋ እኮ» እያሉ በቀልድ ያነሧቸዋል። የሴቶቹ ዜና ደግሞ ሌላ ጉድለት አለበት። ስለ ወንድ ሲነገር ሥራው ይቀድማል፣ ትዳሩ ይከተላል፤ ስለ ሴት ሲነገር ግን «አግብታ ሁለት ወልዳለች» ተብሎ ነጥብ ይደረጋል፣ ያላገባች ከሆነችም ሥራዋ የቱንም ያህል ቢያኮራ ወሬው «እስካሁን?» ወደሚለው ይዞራል። በባሏ ዝውውር ምክንያት ሥራዋን ሦስት ጊዜ የለቀቀች ኬሚስት በባቹ ዝርዝር ላይ የምትመዘገበው «ሐዋሳ ናት» ተብላ ነው፤ ለምን ሐዋሳ እንደሄደችና ምን ትታ እንደሄደች የሚጠይቅ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው።

ይህ ሁሉ ሲባል ባች የወሬ ማኅበር ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ባቾች ማንም ሳያቋቁማቸው እድር ወደመሆን ተሸጋግረዋል። አንድ የቀድሞ ጓደኛ ሲታመም ወይም ወላጅ ሲሞትበት በቴሌግራም ቡድኑ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል፣ ከሥሩ በተራ ቁጥር የስም ዝርዝር ይጀመራል፣ የከፈለ ሰው ዝርዝሩን እንዳለ ቀድቶ የራሱን ስምና የብሩን መጠን ከታች ጨምሮ መልሶ ይለጥፋል፣ የሞባይል ደረሰኙንም ያያይዛል። በሁለተኛው ቀን ማታ ዝርዝሩ 40 ስም ደርሶ ያድራል። ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ግን ዝርዝሩን ልብ ብሎ ላየው ዓመትና ዕጣ እዚያም አሉ፤ በአራተኛው መስመር ከዳላስ የመጣው 300 ዶላር ሲመነዘር የስንት ወር ደመወዙ እንደሚሆን በልቡ ያሰላ የወረዳ መምህር፣ 500 ብሩን ከዚያ ሥር ጽፎ ከመታየት ይልቅ ለታማሚው በግል መላክን ይመርጣል፤ ካልላከም ከዚያ ወዲያ ቡድኑን ለመክፈት ያፍራል። መጠኑን ትቶ ስም ብቻ የሚመዘግብ ባች ብልህ ባች ነው።

የሥራ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉት አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ፣ ሰው ሥራ የሚያገኘው ከቅርብ ወዳጁ ይልቅ አልፎ አልፎ በሚያገኘው ሰው በኩል መሆኑን አመልክተው፣ ይህን «የላላ ትስስር ኃይል» ብለውታል፤ ምክንያቱም የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እኛም ስለምናውቀው፣ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቁ ነው። ለኢትዮጵያዊ ምሩቅ ባቹ የዚህ ዓይነት ትስስር ትልቁ ጎተራ ነው፤ «ሲቪህን ላክልኝ» የሚለው መልእክት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከስድስት ዓመት በላይ ካልተገናኙት የዶርም ልጅ ነው። ነገር ግን የላላው ትስስር የሚሠራው በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው አንድ ቦታ ከገባ ብቻ ነው። በደህና ዓመት የተመረቀ ባች አሥር ሰው ባንክ ውስጥ ካለው አሥሩ ሌላ ሃያ ይስባሉ፤ በክፉ ዓመት የተመረቀው ባች ግን ሁሉም ውጭ ስለሆኑ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ማስታወቂያ ብቻ ነው። ዓመቱ የሰጠውን ጓደኝነቱ ያባዛዋል፤ ዓመቱ የነሣውንም እንዲሁ።

ውጭ ያሉትም ከዚህ አላመለጡም። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ውድድር፣ ከእግር ኳሱ እኩል የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ነው። እዚያ የሚገናኙ የአንድ ባች ልጆች አንዱ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም፣ ሌላው በ45 ዓመቱ የፓርኪንግ ሠራተኛ ቢሆኑ፣ ልዩነቱን ብዙ ጊዜ የሚያስረዳው የተሻገሩበት ዕድሜ ነው። በ24 ዓመቱ የሄደው እንደገና ለመማር ጊዜ ነበረው፤ በ38 ዓመቱ፣ ሦስት ልጆች ይዞ የሄደው ደግሞ በማግሥቱ የቤት ኪራይ ይጠብቀው ነበር።

የቅርብ ዓመታት የባች ታሪክ ግን ወደ 1960ዎቹ የሚመልስ ገጽ አለው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡ ግጭቶች ተማሪዎች ግቢያቸውን ጥለው ወደየቤተሰባቸው ሲመለሱ፣ ሻንጣውን የጫነለትን የዶርም ጓደኛ ያልተሰናበተ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር፣ እዚያ የነበሩ የባች ልጆች በስልክና በኢንተርኔት መቋረጥ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ከቡድኖቻቸው ጠፉ። አብረው ፍሬሽማን የነበሩ ሰዎች በአንድ የዜና ሊንክ ምክንያት ተሰዳደቡ፣ አስተዳዳሪው «ፖለቲካ ክልክል ነው» ብሎ ለጠፈ፣ ከሁሉም ወገን ሰው በየተራ ለቀቀ። «እገሌስ?» የሚለው ጥያቄ ዳግመኛ ፍርሃት ያዘለ ሆነ። መገናኛው ከተመለሰ በኋላም ጥያቄው ያልተጠየቀባቸው፣ የጓደኛቸውን መኖርና አለመኖር እስከ ዛሬ ለይተው የማያውቁ ባቾች አሉ። የ1960ዎቹ ሰዎች ዝምታ ምን ያህል እንዳስከፈላቸው እየታየ ይህን መድገም ይቅር የሚባል ስንፍና አይደለም።

ዝምታው የሚሰበረው በመዝገብ ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአንድ ዓመት ምሩቃን በየአምስት ዓመቱ እያንዳንዱ አባል የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ ራሱ የጻፈበትን መጽሐፍ የማሳተም የቆየ ልማድ አለ፤ ያልተሳካለት ብዙ ጊዜ ስለማይጽፍ ጉድለት አያጣውም፤ ግን መዝገብ ነው። በኢትዮጵያ ያለው ባለፎቶው የምረቃ መጽሔት ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ጋዋን የለበሰ ወጣት፣ የክፍል ጓደኞቹ ያወጡለት ቅጽል ስምና «ላስት ወርድ» የሚባለው የስንብት ቃሉ ይገኛሉ። መጽሔቱ በምረቃው ዕለት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለአፍ ወሬ የተተወ ነው። ይህን ክፍተት መሙላት ከባድ አይደለም። የክፍል ተወካይ የነበሩ ሰዎች አሮጌውን መጽሔት አውጥተው፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ያለፉትን ዓመታት ይሙሉ፤ ሴቶቹን በባሎቻቸው ሳይሆን በራሳቸው ሥራ፣ ሙታንን ከነሞታቸው ምክንያት፣ የጠፉትን ከጠፉበት ዓመት ጋር፣ ሥራ ያላገኙትንም ምን ያህል እንደፈለጉ ጭምር ይመዝግቡ። ለሬጅስትራር መተው አያዋጣም፤ ሬጅስትራር የሚያውቀው ነጥብና ወጪ መጋራት ነው። መጽሔቱ በእጃቸው ያለ ሰዎች ሁሉ ዘንድሮ ይጀምሩት።